የቤት ሰርቨርና የሚቋረጥ መስመር፦ ቫልትዋርደን ከፍኖተ ሰላም ሲታይ

በምዕራብ ጎጃም፣ በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ፣ ኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቶ የሚወጣውን ባለጉዳይ ያስተዋለ ሰው፣ የከተማው የይለፍ ቃል የት እንደሚቀመጥ ለመረዳት አይቸገርም። የፓስፖርት ማመልከቻ የሚያስሞላው ወጣት፣ ለልጇ የአሜሪካን የዲቪ ዕጣ የምታስሞላው እናት፣ የዩኒቨርሲቲ ምደባውን ለማየት የመጣው ተማሪ ሁሉም ኢሜይል ይጠየቃሉ፤ ኢሜይሉን የሚከፍትላቸውም የቤቱ ጸሐፊ ነው። የይለፍ ቃሉ ብዙ ጊዜ የባለጉዳዩ ስልክ ቁጥር ወይም ስሙና የተወለደበት ዓመት ይሆናል። እንዳይረሳ ደግሞ በጸሐፊው ደብተር ላይ ይሰፍራል፤ የዲቪው ማረጋገጫ ቁጥርም እዚያው ከጎኑ። ውጤት ሲወጣ ዕጣውን ለማየት የሚጠየቀው ያ ቁጥር ነውና፣ ደብተሩን የያዘው ሰው የብዙ ቤተሰብ ጉዳይ በእጁ ነው። ጸሐፊዎቹን ለመውቀስ አይደለም። ሰው አምኗቸው ስለሚመጣ፣ ነገ ተመልሶ «ጠፋኝ» እንደሚል ስለሚያውቁ ይጽፉለታል። ጥያቄው ከዚህ ደብተር የተሻለ ማስቀመጫ አለ ወይ የሚለው ነው፤ ቫልትዋርደን የተባለውን ሶፍትዌር የምመዝነውም በዚሁ ሚዛን ነው።

ቫልትዋርደን በቤት ወይም በቢሮ ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ የአንድን ቤተሰብ ወይም የአንድን መሥሪያ ቤት የይለፍ ቃሎች አመስጥሮ የሚያስቀምጥ ሰርቨር ነው። ዳንኤል ጋርሲያ የተባለ ፕሮግራመር እ.ኤ.አ. በ2018 ጀመረው፤ በ2021 የአሁኑን ስም ከመያዙ በፊት ቢትዋርደን አርኤስ ይባል ነበር። የራሱ የስልክ መተግበሪያ የለውም። ቢትዋርደን የተባለው ኩባንያ ለደንበኞቹ የሠራቸውን የስልክና የአሳሽ መተግበሪያዎች እንዳሉ ይጠቀማል፤ በመተግበሪያው ላይ የሰርቨሩን አድራሻ መቀየር ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ምስጠራውም ሆነ ፍቺው የሚካሄደው በተጠቃሚው ስልክ ወይም አሳሽ ላይ ስለሆነ፣ ሰርቨሩ ዘንድ የሚደርሰው የማይነበብ ጽሑፍ ነው። ማከማቻውን የሚከፍተውን ዋና የይለፍ ቃል ሰርቨሩ ፈጽሞ አያገኘውም።

ፕሮግራሙ የሚጫነው በኮንቴይነር ነው። ዶከር የተባለውና እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ የሆነው መሣሪያ አንድን ፕሮግራም ከሚያስፈልጉት ነገሮች ሁሉ ጋር በአንድነት ያሽገዋል፤ የታሸገው ነገር ሊኑክስ ባለበት ሌላ ኮምፒውተር ላይም እንዳለ ይነሣል፣ ከሌሎቹ ፕሮግራሞች ጋርም አይደባለቅም። ስለዚህ መጫኑ ጥቂት መስመሮች ያሉት አንድ ፋይል ጽፎ አንድ ትእዛዝ መስጠት ነው። በየቦታው የሚጻፉት መመሪያዎችም ይህን ክፍል በሰፊው ይተርካሉ፤ ኮንቴይነሩ ተነሣ፣ ገጹ ተከፈተ፣ አበቃ። እኔ ግን ትልቁ ሥራ ከዚያ በኋላ ያለው ነው እላለሁ።

በውጭው ዓለም ሰዎች ወደ ቤት ሰርቨር የሚሄዱበት ምክንያት ይታወቃል። የደንበኞቹን የይለፍ ቃሎች የሚያስቀምጠው ላስትፓስ የተባለ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2022 ተሰብሮ የደንበኞቹ የተመሰጠሩ ማከማቻዎች ቅጂ ተወሰደ፤ የድረ ገጾቹ አድራሻዎች ደግሞ ጭራሽ ሳይመሰጠሩ ነበር የተቀመጡት። ዘራፊው ቅጂውን ቤቱ ወስዶ፣ ማንም ሳያቋርጠው፣ ዋናውን የይለፍ ቃል በግምት ሲሞክር መኖር ይችላል። ይህን ያየ ሰው «የራሴን ነገር ራሴ ልያዝ» ቢል አይፈረድበትም። ምዕራብ ጎጃም ውስጥ ግን ዋናው ስጋት ይህ አይመስለኝም። እዚህ ሰው የይለፍ ቃሉን የሚያጣው ዘራፊ ሰርቆት ሳይሆን ረስቶት፣ ስልኩ ጠፍቶበት፣ ወይም ደብተሩን የያዘው ጸሐፊ ከተማ ለቆ ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ሳይመለስ ቀርቷል። ለብዙ ወራት ያልጻፈውን የይለፍ ቃል ማን ያስታውሳል? ጎግል ደግሞ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2023 ጀምሮ ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተገባበትን የግል አካውንት መሰረዝ ጀምሯል። መስመር ሲመለስ የሚመለሰው መስመሩ ብቻ ነው፤ የረሳነውን አይመልስልንም።

ከዚህ አንጻር ሲታይ ቫልትዋርደን ትልቅ በጎ ነገር አለው። ሰርቨሩ ቤት ውስጥ ስለሆነ፣ ስልኩና ላፕቶፑ በአንድ ዋይፋይ እስከተገናኙ ድረስ ከውጭ ኢንተርኔት ቢኖርም ባይኖርም ይሠራል። ራውተሩ ላይ መብራት ካለ ይበቃል። የአንድ ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ የፒችትሪ ሒሳብ ፕሮግራሟን የይለፍ ቃል፣ የዋይፋዩን ቁልፍ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን፣ የመሬት ይዞታ ደብተሩን ቁጥር መስመር በተቆረጠበት ቀን ትጽፋለች፣ ታነባለች፣ ታርማለች። የኩባንያውን አገልግሎት ብትጠቀም ኖሮ፣ መስመር ሲጠፋ ቀድሞ ስልኳ ላይ የወረደውን ማንበብ ትችል ይሆናል፤ አዲስ መጨመር ግን በተለመደው አሠራር አይቻላትም ነበር።

ሁለተኛው በጎነቱ ክብደቱ ነው። የቢትዋርደን ኩባንያ ራሱ በቤት እንዲጫን ያዘጋጀው መደበኛ ሰርቨር ቢያንስ 2 ጊጋባይት ሜሞሪ ይጠይቃል፣ ብዙ ኮንቴይነሮችንም በአንድነት ያስነሣል። ቫልትዋርደን ግን በአንድ ኮንቴይነር በጣም ጥቂት ሜሞሪ ይዞ ይኖራል፤ ለሥራ አርጅቷል ተብሎ የተቀመጠ ላፕቶፕ ያለ ችግር ይሸከመዋል። ኩባንያው በዶላር የሚያስከፍልባቸውን የቤተሰብና የድርጅት መጋሪያ፣ የሰነድ አባሪ፣ የሁለተኛ ማረጋገጫ ቁጥር ማመንጫን ያለ ክፍያ ያቀርባል። ዓለም አቀፍ የክፍያ ካርድ በእጁ ለሌለው የቡሬ ነጋዴ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዶከር ደግሞ የታሸገውን ኮንቴይነር ወደ አንድ ፋይል ለውጦ በፍላሽ ማውጣትና ሌላ ኮምፒውተር ላይ መልሶ ማስገባት ስለሚፈቅድ፣ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ላይ የወረደውን ፋይል በኪስ ይዞ በአውቶቡስ መምጣት ይቻላል። ይህ ለእኛ አገር እንደተሠራ ያህል የሚያስደስት ነገር ነው፤ መመሪያዎቹ ግን ሲያነሡት አይታይም።

አሁን ወደ ጉድለቱ ልግባ። ቫልትዋርደን ያለ ኤችቲቲፒኤስ፣ ማለትም ከተመሰጠረው አስተማማኝ ግንኙነት ውጭ አይሠራም። አሳሾች የምስጠራ ሥራን በሌላ ግንኙነት ላይ ስለማይፈቅዱ ይህ ትክክል ነው። ለዚህ ግንኙነት የምስክር ወረቀት ያስፈልጋል፤ የተለመደው ምክርም ሌትስ ኢንክሪፕት ከተባለው ድርጅት በነፃ ውሰዱ የሚል ነው። ያ የምስክር ወረቀት የሚያገለግለው 90 ቀን ነው። በየጊዜው ራሱን ያድሳል፤ ለማደስ ግን ኢንተርኔት ይፈልጋል። መስመር ለአራት ወር ቢቋረጥ፣ በራስህ ቤት፣ በራስህ ዋይፋይ፣ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ያለው ኮምፒውተር «ይህ ግንኙነት አያስተማምንም» እያለ ይመልስሃል። ከውጭ ኩባንያ ጥገኝነት ለመላቀቅ የተጫነ ሰርቨር በውጭ ድርጅት ወረቀት ምክንያት ይቆማል። ሥራው የተጻፈው መስመር እንደ አየር ሁሌ አለ ብለው በሚያስቡ ሰዎች መካከል መሆኑ እዚህ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

መፍትሔ አለው፤ የቤቱን የምስክር ወረቀት ቤቱ ራሱ ይስጥ። ካዲ የተባለው የድር ሰርቨር በሁለተኛ ኮንቴይነር ሆኖ ከቫልትዋርደን ፊት ይቀመጣል፣ የራሱን ሥር የምስክር ወረቀት ለዐሥር ዓመት ገደማ ያዘጋጃል፣ ከእርሱ ሥር ያሉትን ጥቃቅኖቹን ደግሞ ያለ ኢንተርኔት በየሰዓታቱ ያድሳል። ሥሩን በቤተሰቡ ስልኮችና ላፕቶፖች ላይ አንድ ጊዜ በእጅ መጫን ያስፈልጋል፤ ይህም በስልክ ቅንብሮች ውስጥ የማስጠንቀቂያ መልእክት እያለፉ የሚደረግ ሥራ ነው፣ ለአባትና ለእናት ስልክ ልጅ ቁጭ ብሎ ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ መስመሩ ዓመት ቢጠፋም ሰርቨሩ ሰርቨር ነው።

ነገር ግን ይኼኛው መንገድ ሰዓት ላይ የተንጠለጠለ ነው። ብዙ ሰው ለቤት ሰርቨር የሚመክረው ራስበሪ ፓይ የተባለችውን መዳፍ የምታክል ኮምፒውተር ነው። ጥቂት ኤሌክትሪክ ትበላለች፣ ድምፅም የላትም። ሆኖም እስከ አራተኛው ትውልድ ድረስ ያሉት ፓይዎች መብራት ሲጠፋ የሚቆጥር ሰዓት በውስጣቸው የላቸውም፤ አምስተኛው ቢኖረውም ባትሪው ለብቻው የሚገዛ ነው። መብራት ሲመለስ ትክክለኛውን ሰዓት ከኢንተርኔት ይጠይቃሉ። ኢንተርኔት ከሌለ መብራት የጠፋበት ጊዜ ላይ ሆነው ይቀጥላሉ። መብራት ሁለት ቀን ከጠፋ ፓይዋ ሁለት ቀን ወደ ኋላ ቀርታለች ማለት ነው፤ ያኔ ካዲ የሚሰጠው የሰዓታት ዕድሜ ያለው የምስክር ወረቀት ለስልኩ ገና ሲወለድ ያረጀ ይሆንበታል። በየ30 ሰከንዱ የሚቀያየረው የሁለተኛ ማረጋገጫ ቁጥርም ከስልኩ ጋር አይገጥምም። ባለቤቱ የይለፍ ቃሉን የሳተ መስሎት ደጋግሞ ይሞክራል። ስለዚህ ለፍኖተ ሰላም፣ ለደምበጫ፣ ለማንኩሳና ለቡሬ የምመክረው ያገለገለ ላፕቶፕ ነው። ባትሪው ቢደክም እንኳ አጭር የመብራት መቋረጥን ይሻገራል፣ በውስጡም መብራት ሲጠፋ የሚቆጥር ሰዓት አለው። ኮንቴይነሮቹ ኮምፒውተሩ ሲነሣ አብረው እንዲነሡ የሚያዘውን መስመር በፋይሉ ላይ መጻፍ ደግሞ መዘንጋት የለበትም፤ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ እንደገና ሲነሣ ሰርቨሩ ሌላ ትእዛዝ ሳይፈልግ ሥራውን ይቀጥላል።

ሌላው ልብ ሊባል የሚገባው ነገር፣ ቫልትዋርደን ሲጫን አድራሻውን ያወቀ ሁሉ ራሱን እንዲመዘግብ ይፈቅዳል። የቤተሰቡ አባላት ከተመዘገቡ በኋላ ይህ በር መዘጋት አለበት። አንድ ቃል የመቀየር ሥራ ነው፤ እንደ መነሻ ክፍት መሆኑን ግን አልወድደውም።

ስለ መጠባበቂያ ቅጂ ሰው እስኪሰለቸው ቢነገርም እዚህ አንድ ወጥመድ አለ። ሁሉም ነገር ያለው በአንድ ማኅደር ውስጥ ነው፦ ዳታቤዙ፣ አባሪ ሰነዶቹ፣ የሰርቨሩ ቁልፎች። ማኅደሩን ፍላሽ ላይ ገልብጦ መሄድ የሚያጓጓውም ለዚህ ነው። ዳታቤዙ ግን አዲስ የተጻፈውን በመጀመሪያ ከጎኑ ባለ ሌላ ፋይል ላይ አስቀምጦ ቆይቶ ነው ወደ ዋናው የሚያስገባው። ሰርቨሩ እየሠራ ዋናውን ፋይል ብቻ የገለበጠ ሰው ትናንት የጻፈው የሌለበት ቅጂ ሊይዝ ይችላል። ወይ ኮንቴይነሩን አቁሞ ሙሉ ማኅደሩን መገልበጥ ነው፣ ወይ ለዳታቤዙ የተዘጋጀውን የመጠባበቂያ ትእዛዝ መጠቀም። ቅጂው ሁለት ቢሆን፣ አንዱም ከቤት ውጭ ቢቀመጥ ይመረጣል፤ ሰርቨሩ ፍኖተ ሰላም ከሆነ አንዱ ፍላሽ ቡሬ እኅት ዘንድ ይሁን። እኅት ከፍታ ማንበብ አትችልም፣ ፍላሹ ከእርሷ ቢጠፋም የሚጠብቀው የዋናው የይለፍ ቃል ጥንካሬ ብቻ ነው። ላስትፓስ ላይ የደረሰው ነገር ለቤት ሰርቨርም እኩል ትምህርት የሚሆነው በዚህ በኩል ነው፤ ላፕቶፑን ይዞ የሄደ ሌባ ልክ እንደዚያ ዘራፊ የፈለገውን ያህል ጊዜ አለው። ቢትዋርደን እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ዋናውን የይለፍ ቃል ወደ ቁልፍ ለመለወጥ 600,000 ዙር ስሌት እንደ መነሻ ያስኬዳል፤ ይህ እያንዳንዱን ግምት ያዘገየዋል፣ ስልክ ቁጥርን የይለፍ ቃል ላደረገ ሰው ግን አያድንም።

እዚህ ላይ ስለ አማርኛ የግድ መናገር አለብኝ። የመተግበሪያው የይለፍ ሐረግ ማመንጫ የሚመርጠው 7,776 የእንግሊዝኛ ቃላት ካሉበት ዝርዝር ነው። አምስት ቃል በዕጣ ቢወጣ ለመገመት እጅግ ከባድ ሐረግ ይሆናል፤ እንግሊዝኛ ለማይናገር ሰው ግን ለማስታወስም ያው ከባድ ነው። በአማርኛ ሐረግ መሥራት ይሻላል፤ በግዕዝ ፊደል ቢጻፍም መተግበሪያው ይቀበለዋል። ሆኖም ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ ለእኛ አንድ ድምፅ ቢሆኑም ለኮምፒውተሩ የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። «ሐምሌ»ን በየትኛው ሐ እንደጻፈ ያላስታወሰ ሰው ከራሱ ማከማቻ ደጅ ይቀራል። የአማርኛ ቁልፍ ሰሌዳ የሌለው ኮምፒውተር ፊት ሲቀመጥም ያው ነው። እኔ የምመርጠው አማርኛውን በላቲን ፊደል መጻፍ ነው፤ አንድን ቃል አንዴ በወሰኑት አጻጻፍ፣ በክፍተት እየለያዩ። ቃላቱ ደግሞ እርስ በርሳቸው የማይገናኙ ይሁኑ፦ የዕቃ ስም፣ የእንስሳ ስም፣ የእህል ስም፣ አንድ ግሥ፣ አንድ ቀለም፣ ያም በዕጣ የወጣ እንጂ ከልብ የመረጡት አይሁን። የታወቀ ዘፈን ስንኝ፣ የዳዊት መዝሙር መነሻ ወይም ምሳሌያዊ ንግግር የይለፍ ቃል አይሆንም፤ እኛ በቃል የምናውቀውን ሌላውም ያውቀዋል። የአማርኛ ቃላት ዝርዝር አዘጋጅቶ ለዚህ ሥራ የሚያበረክት የቋንቋ ተማሪ ቢገኝ ትልቅ ውለታ ይውላል።

ቫልትዋርደን ራሱ ምን ያህል ይታመናል? ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው። የጀርመን ፌዴራል የመረጃ ደኅንነት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2024 አስመርምሮት ከባድ የተባሉ ድክመቶች ተገኝተዋል፤ በዚያው ዓመት በወጡ እትሞችም ታርመዋል። ከተገኙት መካከል አንዱ ለቤተሰብ በጣም የሚቀርብ ነው። ቫልትዋርደን «የአደጋ ጊዜ መግቢያ» የሚሰጥ አገልግሎት አለው፤ ባለቤቱ አንድ የሚያምነውን ሰው ይሰይማል፣ ያ ሰው ሲጠይቅ ባለቤቱ ከ1 እስከ 90 ቀን ባለው በወሰነው ጊዜ ውስጥ ካልከለከለው ማከማቻው ይከፈትለታል። ሰው ቢሞት ወይም ቢታመም ቤተሰቡ እንዳይቸገር የታሰበ ነው። የተገኘው ድክመት ግን የተሰየመው ሰው የመጠበቂያ ጊዜውንና የተሰጠውን ሥልጣን ራሱ እንዲቀይር ያስችለው ነበር። መታረሙ መልካም ነው። ከእርማቱ በኋላም ቢሆን፣ ጥያቄ መቅረቡን ለባለቤቱ የሚያሳውቀው በኢሜይል ነውና፣ መስመር በሚቆረጥበት አገር ማስታወቂያው ሳይደርስ ቀኑ ሊያልፍ ይችላል። የአባወራውን ወይም የእመቤቲቱን ዋና የይለፍ ሐረግ በወረቀት ጽፎ፣ በፖስታ አሽጎ፣ የቤቱ ሰነዶች ከሚቀመጡበት ሣጥን ውስጥ ማኖር እዚህ ይበልጥ ያስተማምናል። ፖስታው ተከፍቶ ከተገኘ ይታወቃል፤ የጸሐፊውን ደብተር ማን እንዳነበበው ግን አይታወቅም።

ታዲያ ማን ይጫነው? ብቻውን ለሚኖር ሰው፣ አንድ ስልክና አንድ ላፕቶፕ ላለው መምህር፣ ቫልትዋርደን ከሚገባው በላይ ሥራ ይመስለኛል። ኪፓስኤክስሲ የተባለው ፕሮግራም ሰርቨር፣ የምስክር ወረቀት፣ ኮንቴይነር የሚባል ነገር አይፈልግም፤ ሁሉንም በአንድ የተመሰጠረ ፋይል ይይዛል፣ ፋይሉም በፍላሽ ይዞራል። እንዲህ ላለ ሰው ቫልትዋርደንን የሚመክር መመሪያ ሁሉ ሰውየውን ያላሰበ ነው። ቫልትዋርደን ዋጋው የሚታየው ብዙ ሰው አንድን ነገር ሲጋራ ነው። ቡሬ ላይ የተቀናጀ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክና የዘይት ፋብሪካ ከተተከሉ ወዲህ በዙሪያቸው የሚኖሩት ትናንሽ ድርጅቶች፣ ትራንስፖርት አመቻቾች፣ የበርበሬና የበቆሎ ነጋዴዎች፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ቢሮዎች እንዲህ ያለ ጉዳይ አላቸው። ሒሳብ ሠራተኛው፣ ሥራ አስኪያጇና ገንዘብ ያዡ አንድ የግብር መግቢያ፣ አንድ የድርጅት ኢሜይል ይጋራሉ፤ ሠራተኛ ሲለቅ የይለፍ ቃሉ አብሮት ይሄዳል። በቫልትዋርደን የጋራ ክፍል ተከፍቶ ለእያንዳንዱ የሚያየው ይወሰንለታል፣ ሲለቅም ይዘጋበታል። ቀድሞ ያየውን ግን ከአእምሮው ማውጣት አይቻልምና የጋራ የይለፍ ቃሎቹን ያን ቀን መቀየር ግዴታ ነው። የቴሌብርን ስድስት አኃዝ የምስጢር ቁጥር ግን በጋራ ክፍል ውስጥ ማንም አያስገባው፤ እርሱ የአንድ ሰው ነው።

የፎቶ ኮፒ ቤቱ ጸሐፊስ? የደንበኞቹን የይለፍ ቃል ሁሉ ሰብስቦ በቫልትዋርደን ቢያስቀምጥ ደብተሩን ወደ ኮምፒውተር ገለበጠው እንጂ ነገሩን አላሻሻለውም። የሚሻለው ለእያንዳንዱ ባለጉዳይ በዕጣ የወጣ የይለፍ ቃል አመንጭቶ፣ ከዲቪው ቁጥር ጋር በአንድ ወረቀት አትሞ፣ ለባለቤቱ አስረክቦ ከራሱ ዘንድ ማጥፋት ነው። የማተሚያውን ዋጋ ቢያስከፍል እንኳ ተገቢ ነው።

በመጨረሻ አንድ ተግባራዊ ነገር። የቢትዋርደን የስልክ መተግበሪያ መስመር ባገኘ ቁጥር ራሱን ያድሳል፤ ቫልትዋርደን ግን ባለቤቱ ካላዘዘው አይታደስም። አዲስ መተግበሪያና ያረጀ ሰርቨር አንዳንድ ጊዜ አይግባቡም፤ መግባት እምቢ ይላል፣ ወይም የተጻፈው አይተላለፍም። መስመር ለወራት ተቋርጦበት በነበረ ከተማ ይህ እንዴት እንደሚሆን ማሰብ ቀላል ነው፤ መስመር በተመለሰ ሌሊት ስልኮቹ ሁሉ ይታደሳሉ፣ ላፕቶፑ ላይ ያለው ኮንቴይነር ግን ከዓመት በፊት የተጫነው ነው። ስለዚህ በቤተሰቡ ስልኮች ላይ የዚህ መተግበሪያ ራስ በራስ መታደስ ይዘጋ። መስመር ሲመለስ መጀመሪያ የማኅደሩ ቅጂ በፍላሽ ይያዝ፣ ቀጥሎ የሰርቨሩ ኮንቴይነር በአዲሱ ይተካ፣ በአንድ ላፕቶፕ ገብቶ መሥራቱ ይታይ፤ ስልኮቹ ከዚያ በኋላ ይታደሱ።